በግራ እጅ የተጻፈ ጥያቄ

ልጃገረዶቹ ከኋላዋ «እትዬ ደንብ» ይሏታል፤ ፊት ለፊት ግን እትዬ ብቻ ናት። ቅጽል ስሙ የወጣላት ቀን በመስኮት በኩል ሰምታ ነበር። እውነቱን ለመናገር አልከፋትም። እንዲያውም ቤት ገብታ ለባሏ ስትነግረው ደስ እንዳላት ያስታውቅባት ነበር። ባሏ አናጢ ነው፤ የመጋዝ ማሽን አንድ ጆሮውን ወስዶበታል፣ ቀልዱን ግን አልወሰደበትም። «ልጆቹ ገና አሁን ነው የገባቸው?» አላት። «እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በዚሁ ደንብ ስተዳደር!»

በሥራ ቀን የቤት መሥሪያ ዕቃ በሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ከባንኮኒው ጀርባ ትቆማለች። ማጠፊያ፣ ብሎን፣ የበር እጀታ፣ ቁልፍ፣ ቀለም፣ ቡሩሽ ትሸጣለች። ደንበኛ ገብቶ «ያቺ ነገር... እንዲህ እንዲህ የምትለዋ» እያለ በጣቱ አየሩን ሲቧጥጥ፣ የፈለገውን ከየትኛው መሳቢያ እንደምታወጣለት ታውቃለች። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ከቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ከአሥራ ሦስት እስከ አሥራ ሰባት ዓመት ለሆኑ ልጃገረዶች ግብረ ገብ ታስተምራለች። ይህን ስትሠራ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ልጅ አልወለደችም። «ቅዳሜ ቅዳሜ ሃያ ሦስት ልጅ አለኝ» ትላለች፤ ሃያ ሦስቱንም በአረማመዳቸው ትለያቸዋለች።

ጥያቄ ይዞ የመጣን ሰው ባዶ እጁን መመለስ አትወድም። ብሎን ለጠየቃትም፣ ስለ ነፍሱ ለጠየቃትም መልስ አላት። «አላውቅም» የሚለው ቃል ከአፏ ሲወጣ የሰማ ሰው አልነበረም። የኋላ ኋላ ጉድ ያመጣባትም ይኸው ነው።

ክፍሉ ውስጥ ባሏ የሠራላት የጥያቄ ሳጥን አለ፤ ከላይ ቀዳዳ፣ ከጎን ትንሽ ቁልፍ ያለው። የሳጥኑ ደንብ እንደሚከተለው ነው። እያንዳንዷ ልጅ፣ ጥያቄ ኖራትም አልኖራት፣ ስትገባ አንድ ወረቀት ትከታለች፤ የምትጠይቀው የሌላት ባዶ ወረቀት ትከታለች። እንዲህ ከሆነ ማን ጠየቀ ማን አልጠየቀ አይታወቅም። ወረቀቱን እሷ ራሷ ከሱቁ አሮጌ ካርኒ ጀርባ በአንድ ልክ እየቆረጠች ታመጣለች። ጽሕፈቱ ደግሞ በግራ እጅ ነው፤ የማንም የእጅ ጽሑፍ እንዳይለይ። አንዷ ልጅ ግራኝ ነበረችና እሷ በቀኟ እንድትጽፍ ተወሰነ። ተነብቦ ሲያልቅ ወረቀቱ ሁሉ ጓሮ ወጥቶ በቆርቆሮ ውስጥ ይቃጠላል። «የጠያቂዋን ማንነት ከእግዚአብሔር በቀር ማንም አያገኘውም» ትል ነበር፣ እንደ ጥሩ የእጅ ሥራ እየኮራችበት።

ጥያቄዎቹ ዶሮ የጫረቻቸው ይመስላሉ። «የጓደኛዬን መልስ አይቼ ብጽፍ ስርቆት ነው?» «ከንፈር መቀባት ያስኰንናል?» «ስብከት ላይ እንቅልፍ ቢወስደኝ ጥፋቱ የኔ ነው የሰባኪው?» የመጨረሻውን ስታነብ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ከሁሉ ቀድማ የሳቀችው ሳቂታዋ ነበረች። ይህች በመስኮቱ በኩል የምትቀመጥ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ናት፤ ቀልዱ ሳያልቅ ሳቋ ይቀድማል። እትዬ ሁለት ጊዜ ውጪ አስቁማታለች፤ ውጪም ቆማ ስትስቅ ይሰማ ነበር።

በዚያ ወር የትምህርቱ ርዕስ መታዘዝ ነበር። ታላላቆቻችሁን አክብሩ፣ ያሳደጓችሁን ስሙ። ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ከሳጥኑ አንድ ወረቀት ወጣ፤ «እትዬ፣ ታዘዙ ብለውናል። የክፍሌን በር ከውስጥ ብቆልፍ አለመታዘዝ ነው?» ይላል።

እትዬ ለማሰብ አልቆመችም። ከሱቅ እንደምታወጣው ዕቃ መልሱ እጇ ላይ ነበር።

«አይ የኔ ልጅ!» አለች፣ ለማንም ሳይሆን ለሁሉም። «ይህን ያመጣው ስልክ ነው። በእኛ ጊዜ የምንደብቀው ስላልነበረን የምንቆልፈውም አልነበረን። እግዚአብሔርን በሚፈራ ቤት በር ከውስጥ አይቆለፍም። የምትቆልፍ ልጅ የምትደብቀው አላት። ቁልፉን ለታላላቆችሽ መልሺና በንጹሕ ልብ ተኚ።»

ሳምንቱን ሙሉ ቁልፍ ስትሸጥ የምትውል ሴት ናት ይህን ያለችው። ልጆቹ ሳቁ፤ ሳቂታዋ እንደ ልማዷ ቀደመቻቸው።

በሳምንቱ ሳጥኑን ከፈተች። ድምፅ ከማውጣቷ በፊት ወረቀቱን አንዴ በዓይኗ የማየት ልማድ አላት። ሰባተኛው ወይም ስምንተኛው ወረቀት ላይ እንዲህ ይላል፤

«እትዬ፣ እንዳሉት ቁልፉን መለስኩለት። አሁን ሳያንኳኳ ይገባል። እግዚአብሔር ደስ ብሎታል?»

ቀና ስትል ሃያ ሦስት ፊት ያያታል። አንዷ ማስቲካ ታኝካለች፣ አንዷ የጓደኛዋን ፀጉር ትጎነጉናለች፣ ሳቂታዋ በመስኮት ወደ ውጪ ታያለች። ከነዚህ አንዷ ናት። ምን ትበል? ጮክ ብላ ብታነበው ልጅቱን በሃያ ሁለት ሰው ፊት ልብሷን እንደመግፈፍ ሆነባት። ልታስብበት ጊዜ ፈለገች፤ ጊዜ ለማግኘት ደግሞ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ያላደረገችውን አደረገች።

«ይሄ ባዶ ነው» አለችና አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

ከአፏ ሳይወጣ ልታውቀው ይገባ ነበር። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ወረቀቱ ባዶ አለመሆኑን የምታውቅ አንዲት ልጅ እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጣለች፤ እሷም «ባዶ ነው» ሲባል ሰማች።

እሑድ ዕለት እትዬ የወጣቶች ክፍል ሰብሳቢውን ለብቻ ያዘቻቸው። ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ኃላፊ ናቸው፤ ክፉ ሰው አይደሉም፣ ሁከት ግን እንደ ጉንፋን ይፈራሉ። ወረቀቱን መነጽራቸውን አውልቀው፣ ደግሞ አድርገው አነበቡት።

«ማን ናት?»

«ደንቡ እንዳይታወቅ ነው የተሠራው ጋሼ።»

«ስም የለ፣ ፊርማ የለ፣ ቤት የለ። ልጅ ቀልዳም ሊሆን ይችላል። ሃያ ሦስት ቤት ልንጠረጥር ነው? የሰው ገበና ነው እህቴ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

«ዝንቡ ገብቷል እኮ ጋሼ!»

«እንጸልይበት» አሉ። ጸለዩ። ጸሎቱ ረጅም ነበር፣ እሷም አሜን ያለችው ከልቧ ነው። ጸሎቱ ሲያልቅ ግን ልጅቱ ያው እዚያው ቤት ውስጥ ነበረች።

ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። ጠረጴዛው ላይ የነበረችው ወጣት ሴት ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችና ከመቀመጫዋ ተነሣች። «ስሟን ያምጡልኝ እናቴ፣ ዛሬውኑ አብሬዎት እሄዳለሁ። ያለ ስም ግን የማንን በር ላንኳኳ?» አለቻት። እትዬ ይህችን ፖሊስ እንኳ ልትወቅሳት አልቻለችም። የሚወቀስ ቢኖር ያንን ሁሉ ብልሃት አስባ፣ ወረቀቱን በልክ ቆርጣ፣ በግራ እጅ አጽፋ፣ የመጀመሪያውንም ወረቀት በገዛ እጇ ያቃጠለችው ናት። ልጆቹን ከወሬ ልትጠብቅ የሠራችው አጥር አሁን ያንን ሰው ይጠብቀዋል።

ያን ሳምንት እህል አልዋጥ አላት። ባንኮኒው ላይ የተሳሳተ ዕቃ ሰጠች፤ በሱቁ ታሪክ ተሰምቶ አይታወቅም። የመስኮት ማጠፊያ ለጠየቀ የበር ሰጥታ ሰውዬው ተመልሶ ሲመጣ ዓይኗ እንባ ሞላ። ሰውዬው ደንግጦ «ኧረ ግድ የለም፣ ትልቅ በር እሠራለሁ!» አላት።

ቅዳሜ ደረሰ። ያቺ ልጅ እንደገና ብትጽፍ፣ አንዲት ቃል ብትጨምር፣ «እናቴ» ወይም «ወንድሜ» ብትል ብላ ለምና ነበር። ሳጥኑን ከፈተች። የመጀመሪያው ባዶ ነው። ሁለተኛውም። አሥረኛውም። እያንዳንዱን ወደ ብርሃን እያነሣች አገላበጠችው። ሃያ ሦስቱም ባዶ። እንዴት እንደሆነ አልገባትም፤ ልጆች አንዳንዴ ክፍሉ ውስጥ የሆነ ነገር እንደተበላሸ ያለ ቃል ይሸታቸዋል። አሁን እውነትም ባዶ ነበር፣ እሷ ግን «ባዶ ነው» የሚለውን ቃል ደግማ ልትለው አልቻለችም።

ከትምህርት በኋላ ዝምተኛዋን አስቀረቻት። ይህች ልጅ ለሁለት ሳምንት አንገቷን ደፍታ ነበር የተቀመጠችው።

«ልጄ፣ የሚያስጨንቅሽ ነገር አለ? ለእኔ ንገሪኝ። አንቺ ጥፋት የለብሽም።»

ልጅቱ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ጥርሴን ነው እትዬ... ማስነቀል ፈርቼ...»

እትዬ አቅፋት ከእሷ ብሳ አለቀሰች። ዝምተኛዋ ለጥርስ ይህን ያህል የሚለቀስላት አልመሰላትም ነበርና ግራ ገብቷት ቤቷ ሄደች።

ሰኞ ጠዋት አንድ ሽማግሌ ሱቅ መጥቶ መቀርቀሪያ ጠየቀ፤ ከውስጥ የሚወረወር፣ ጠንከር ያለ። «ለዶሮ ቤት ነው» አላት። «ድመት እየገባ አስቸገረኝ።» ጠቅልላ ልትሰጠው ስትል እጇ እዚያው ቆመ። ለዶሮ መቀርቀሪያ ይገዛል። እሷ ለልጅ ቁልፍሽን መልሺ አለች።

መላው የመጣላት ያኔ ነው። ልጅቱን ለይታ ማግኘት ካልቻለች ሁሉንም ታግኛቸው። ሁሉም ወረቀት ይከቱ የለ? ሁሉም ይውሰዱ። ከሱቁ ሃያ አራት መቀርቀሪያ ገዛች፤ ሃያ ሦስቱ ለልጆቹ፣ አንዱ መለማመጃ። ባሏ ደግሞ ሰፊ ጣውላ ተሸክሞ ክፍሉ ድረስ አመጣላት። ለምን እንደሆነ ነግራው ስለነበር ያን ቀን መንገዱን ሙሉ አልቀለደም።

«ከሦስት ሳምንት በፊት ስለ በር አንድ ጥያቄ መልሼ ነበር» አለች ልጆቹ ፊት ቆማ። «የመለስኩት ስህተት ነው። ሙሉ በሙሉ ስህተት። በር መቆለፍ ኃጢአት አይደለም። ታላቅ ማክበር ማለት ታላቅ ያደረገውን ሁሉ መሸከም ማለት አይደለም። ማንም ይሁን ማን፣ ያሳደገሽም ይሁን፣ የሚያጎርስሽም ይሁን፣ በርሽን ሳያንኳኳ ሊገባ አይችልም። ቆልፊ። ልትነግረኝ የምትፈልግ ሱቅ ትምጣ፤ የሚያይ ሰው ብሎን ልትገዛ መጣች ይላል እንጂ ሌላ አይልም።»

ስለዚያ «ባዶ» ስላለችው ወረቀትም ልትናገር አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው። ስህተትን ማመን አንድ ነገር ነው፤ ዋሽቻለሁ ማለት ግን አቃታት።

ከዚያ አንድ በአንድ እየጠራች በጣውላው ላይ መቀርቀሪያ መግጠም አስተማረቻቸው። ቦታውን በእርሳስ ምልክት ማድረግ፣ በምስማር ጫፍ መብሳት፣ ብሎኑን በካቻቢቴ ማጥበቅ። ጥቂቶቹ «ግብረ ገብ ቀርቶ አናጢነት ጀመርን» ብለው ተሳሳቁ። ሳቂታዋ ተራዋ ሲደርስ ገጠመች፣ ፈታች፣ «ልድገመው እትዬ?» ብላ እንደገና ገጠመች። እትዬ ልጅቱ የምትጫወት መስሏት «በቃሽ፣ ሌሎቹም ይድረሳቸው» አለቻት። እያንዳንዷ አንድ መቀርቀሪያ ከነብሎኑ በቦርሳዋ ይዛ ሄደች።

ሳምንቱን በሙሉ የሱቁ በር በተከፈተ ቁጥር ቀና ትላለች። ልጅ አልመጣም። የመጡት አባቶች ናቸው። አንድ የከባድ መኪና ሹፌር መቀርቀሪያውን ባንኮኒው ላይ ወርውሮ «የቤቴን በር ማን እንደሚዘጋው የምወስነው እኔ ነኝ! ልጄን በር ልታስዘጊብኝ ነው?» ብሎ ጮኸ። አንዲት እናት «ሰው ምን ይለናል? ቤታችን ሌባ አለ ማለትሽ ነው?» አለቻት። እትዬ የሚጮኸውን ሁሉ ጠረጠረች፤ የሹፌሩን እጅ አየች፣ ዓይኑን አየች፣ ምንም አላገኘችበትም፤ ሰውዬው ክብሩ የተነካ አባት ነበር እንጂ ሌላ አልነበረም። በኋላ ስታስበው ያቃጠላት ይኸው ነው። የሚጮኸውን ስትመረምር ዝም ያለውን አለፈችው።

ሰብሳቢው ጠሯት። ፊታቸው ገርጥቷል። ክፍሉ ከዛሬ ጀምሮ ይዘጋል፣ መቀርቀሪያዎቹ ሁሉ እሑድ ይመለሱ፣ እሷም አዳራሽ ፊት ቆማ ወላጆችን ይቅርታ ትጠይቅ።

«አልጠይቅም» አለች። «ጥፋት ካለ መቀርቀሪያዎቹን ማስመለስ ነው።»

«እህቴ፣ እባክዎ...»

«አልጠይቅም ጋሼ!»

እሑድ ቤተሰቦቹ አዳራሹ በር ላይ በተቀመጠ ካርቶን ውስጥ እየወረወሩ ገቡ። ሃያ ሦስቱም ተመለሱ። እትዬ ካርቶኑን ቤቷ ወስዳ ወለል ላይ ደፋችው። ከልማዷ የተነሣ ለመሳቢያው እንደምትመልስ ሆና ትለይ ጀመር፤ ይሄ ማሸጊያው አልተከፈተም፣ ይሄም አልተከፈተም፣ ይሄ ብሎን ጎድሎታል። ከዚያ አንዱን አነሣች።

ማሸጊያ የለውም። ዘንጉ ተጣሟል። ከአራቱ ብሎኖች ሁለቱ አሁንም ቀዳዳቸው ውስጥ ናቸው፣ ጥርሳቸው ላይ የእንጨት ስንጣሪ እንደያዙ። ከጀርባው ቀለም ተላጦ ተጣብቆበታል፤ ከላይ አረንጓዴ፣ ከሥር ሮዝ።

ባሏ ተቀብሏት ወደ መስኮቱ ወሰደው። «ይሄ በካቻቢቴ አልተፈታም» አለ ቀስ ብሎ። «ተገጥሞ ነበር። በደንብ ነው የተገጠመው። ከውጪ በጉልበት ገፍቶ የገነጠለው ሰው አለ።»

እትዬ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ልጅቱ ሰምታታለች። ብቻዋን በእርሳስ ምልክት አድርጋ፣ በስታ፣ አጥብቃ ገጥማለች። ከዚያ ያ ሰው በሩን በትከሻው ሲገፋ ከውስጥ ሆና አይታለች። በማግስቱም የተገነጠለውን አንሥታ እዚህ ካርቶን ውስጥ የጣለችው እሷው ራሷ ትሆናለች። ለእኔ ነው የላከችው አለች እትዬ። ሌላ ምን የምትጽፍበት ቀረላት? እንደዚያ ቀን አልቅሳ አታውቅም፤ የእናቷ ለቅሶ ላይ እንኳ።

ሰኞ ማለዳ ሰብሳቢው ቤት ሄደች።

«ይቅርታ እጠይቃለሁ ጋሼ። ግን በአዳራሽ አይበቃም። ሃያ ሦስቱም ቤት እየሄድኩ፣ ቤት ለቤት።»

ሰብሳቢው ልባቸው ተነካ። «ትሕትና ማለት ይህ ነው» አሉ። የቤቶቹን ዝርዝር በራሳቸው እጅ ጽፈው ሰጧት። እሷም የምትፈልገው በር እንዳለ ሳትነግራቸው ወጣች።

ከሥራ በኋላ በየቀኑ አራት ወይም አምስት ቤት ትሄዳለች። በር ላይ ጎንበስ ትላለች፣ ትገባለች፣ ትሰደባለች ወይም ትመከራለች፣ ከዚያ «እባካችሁ እጄን ልታጠብ» ብላ ወደ ውስጥ ታልፋለች። ነጭ በር። ቡናማ በር። መጋረጃ እንጂ በር የሌለው ክፍል። የሹፌሩ ሚስት የቤቷን ንጽሕና ልታይ የመጣች መስሏት ክፍሉን ሁሉ ከፍታ አሳየቻት፤ ሹፌሩ ራሱ መጨረሻ ላይ «ተቆጥቼ ነው እንጂ...» ብሎ እስከ መንገድ ሸኛት። አረንጓዴ በር አንድ ቤት አገኘች፤ ተጠግታ በጥፍሯ ስትፍቀው ሥሩ ነጭ ነበር።

የቤቶቹን ተራ ያሰናዳችው በሥጋቷ መጠን ነው፤ ያዘኑት፣ የከሱት፣ ከክፍል የቀሩት ይቀድማሉ። ሳቂታዋን ወደ መጨረሻው አስቀምጣታለች። እሷ ምን ችግር አለባት ብላ።

ሐሙስ አመሻሽ ሁለተኛ ፎቅ ወጥታ አንኳኳች። የከፈተላት የልጅቱ አጎት ነው። አባቷ ከሞተ ወዲህ እህቱንና ልጇን ያኖረ፣ የልጅቱን ትምህርት የከፈለ፣ ሰንበት ሰንበት አዳራሹ ውስጥ ወንበር የሚደረድር ሰው። ሳይጮኽ የቀረው እሱ ነበር።

«እትዬ! ኧረ ይግቡ፣ ይግቡ! ምን ይቅርታ ያስፈልጋል? ወጣት ማስተማር ቀላል ነው እንዴ?» ወንበር አቧራውን ጠርጎ አቀረበላት። «እናቷ የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሥራ ላይ ናት፣ እስከ ምሽት አትመጣም። አንቺ! ለእትዬ ውኃ አምጪ!»

እጄን ልታጠብ ማለት እንኳ አላስፈለጋትም። ከወንበሩ ሆና ኮሪደሩ ጫፍ ይታያል። በሩ አረንጓዴ ነው። በደረት ቁመት ላይ ብሎን ከውስጥ በስቶ ያሳለፈው አራት ቀዳዳ አለ፤ ሁለቱ ተቀድደው ሰፍተዋል፤ እንጨቱ በተቀረፈበት በኩል የውስጡ ቀለም ብቅ ብሏል። ሮዝ ነው። ለትንሽ ልጅ የተቀባ ሮዝ።

ሳቂታዋ ውኃ ይዛ መጣች። ፊቷ ላይ ሳቅ የለም። ያለ ሳቅ አይታት ስለማታውቅ እትዬ ለአፍታ ሌላ ልጅ መሰለቻት። ብርጭቆውን አልተቀበለችም። አራት ቀን ሙሉ በየቤቱ ስትደግመው የሰነበተችው የይቅርታ ቃል ጠፋባት። ከወንበሩ ተነሥታ ወለሉ ላይ፣ ልጅቱ እግር ሥር ተንበረከከች።

«ባዶ አልነበረም» አለቻት። «ወረቀቱ ባዶ አልነበረም፣ ልጄ። አንብቤው ነበር። ዋሸሁሽ።»

ልጅቱ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ምኑ ነው ባዶ ያልነበረው?» አለ አጎት፣ ፈገግታው ገና ፊቱ ላይ እንዳለ።

እትዬ ወንበሩን ይዛ ተነሣች። «ጫማሽን አድርጊ» አለቻት ልጅቱን።

«ወዴት ነው?» አለ አጎት።

«ወደ እናቷ።»

ሰውዬው አልጮኸም። እሱስ መች ይጮኻል። «ይሂዱ» አለ። «እህቴ ማንን እንደምታምን ታውቃለች። በዚህ ቤት ውስጥ እኔ ያላጎረስኩት ሰው የለም።»

እትዬ ወደ ኋላዋ ሄዳ የመግቢያውን በር በጀርባዋ ደግፋ ከፈተችው። ልጅቱ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አጎቷን አላየችውም። ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ፣ በባዶ እግሯ፣ በእትዬ ክንድ ሥር ሾልካ ወጣችና ደረጃውን ወረደች።

ጫማዋን ያደረገችው አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ነው። ክሩን እትዬ ጎንበስ ብላ አሰረችላት። የተጣመመው መቀርቀሪያ በእትዬ ቦርሳ ውስጥ ነው፤ ወረቀቱም አብሮት አለ። ፖሊስ ጣቢያው ከሆስፒታሉ አንድ ፌርማታ አልፎ ነው፤ አሁን ስም አላት። ይህን ሁሉ ለልጅቱ ነገረቻት።

«እትዬ፣ እናቴ ባታምነኝስ?»

እትዬ አፏን ከፈተች። መልስ ፈለገች፤ ከጥቅስ፣ ከተረት፣ ከአሥራ አንድ ዓመት ቅዳሜ ሁሉ ውስጥ ፈለገች። ያቺን እናት አስባ፣ ከወንድሟ እጅ የበላችውን እንጀራ አስባ፣ ሰውዬው ሲወጡ ያለውን አስባ ፈለገች። አላገኘችም።

«አላውቅም» አለቻት።

አውቶቡሱ መጣ። ሁለቱም ተሳፈሩ፤ እጅ ለእጅ እንደተያያዙ።